የፀሐይቱ ምጽዋ

አምባው በርጩማ ላይ ቆሞ ሥዕሉን ከግድግዳው ሲያወርደው የሃያ ስምንት ዓመት አቧራ ፊቱ ላይ ረገፈበት። ሥዕሉ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ከሌላው ግድግዳ ተለይቶ ትናንት የተቀባ መስሎ ቀረ። በደረት ኪሱ ያለው ደብዳቤ ጎንበስ ባለ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

ደብዳቤውን ያመጣለት በጂቡቲው ባቡር ላይ የሚሠራው ረሻድ ነው። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ወደ ኤርትራ ስልክም ፖስታም ስለተቋረጠ፣ ረሻድ ከጂቡቲ እየተቀበለ አቃቂ ጣቢያ ላይ ያቀብለዋል። ዛሬ ጠዋት ግን እንደ ወትሮው ከፉርጎው ላይ ሆኖ አልወረወረለትም። ወርዶ እጁን ያዘው።

«ጋሽ አምባው፣ ቁጭ ብለው ያንብቡት» አለው።

የልጁ የእድላዊት እጅ ጽሑፍ ነበር። እናቷ ፀሐይቱ በሐምሌ ወር ምጽዋ ላይ በስኳር በሽታ ማረፏን ይናገራል። አሁን ኅዳር 1992 ነው። አራት ወር ሙሉ ሚስቱ በሕይወት ያለች መስሎት ኖሯል።

ፀሐይቱን ያወቃት ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የመጡ ማሽኖችን ሊረከብ ምጽዋ ወደብ በወረደ ጊዜ ነበር። ለሁለት ወር ሥራ ሄዶ አግብቶ ተመለሰ። አባቷ፣ ያገለግሉት የነበረ ጣሊያናዊ ኤርትራን ለቆ ሲሄድ የተወላቸውን ይህን የዘይት ቀለም ሥዕል በሰርጓ ሰጧት። ያኔም አሮጌ ነበር፤ ቀለሙ እንደ ደረቀ ረግረግ ተሰነጣጥቆ፣ የሠዓሊው ስም ከጥጉ ተፍቆ። ባለ ቅስት ነጫጭ ቤቶች፣ ወደ ባሕሩ የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ፣ ሸራቸውን የጠቀለሉ ሁለት ጀልባዎች። ክረምት ሲገባና የአቃቂ ጭቃ ሲያስመርራት ከፊቱ ቆማ «እዚያ እኮ አሁን ሰው በላብ ተጠምቋል» ትል ነበር።

በነሐሴ 1990 ትውልዷ ኤርትራ ነው ተብሎ ስሟ ከአገር እንዲወጡ ከተወሰነባቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። የተፈቀደላት አንድ ሻንጣ ብቻ ነበር። እድላዊት «እማዬን ብቻዋን አልሰዳትም» ብላ አብራት ሄደች። የቤቱን ፎቶዎች በሙሉ ሻንጣው ውስጥ የከተተላቸው ራሱ አምባው ነው። ጥቂት ወራት መስሎት።

ከጣቢያው ሲመለስ የእድሩን ሊቀመንበር ፈቀደን ሱቁ ውስጥ አገኘው። ፈቀደ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ነፍስ ይማር። ድንኳኑ ግን... ስሟ ከመዝገቡ ወጥቷል። ደግሞ በዚህ ሰፈር ስንት ልጅ ግንባር ላይ እንደቀረ አንተም ታውቃለህ።»

«ሃያ ስድስት ዓመት እድርተኛ ነበረች።»

«አልካድኩም» አለ ፈቀደ፣ ዓይኑን ወደ መንገዱ መልሶ። «ቤትህን ዘግተህ ብታለቅስ ማንም አይከለክልህም።»

አምባው ግን ቤቱን አልዘጋም። ለለቅሶ የሚያወጣው ፎቶ ስላልነበረው ሥዕሉን አውጥቶ በደጁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሁለት አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ፤ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለበሰና ከሥሩ ተቀመጠ። አላፊ አግዳሚው ሥዕሉን፣ ከዚያ እሱን እያየ ያልፋል። አንዳንዱ አንገቱን ሰበር አድርጎ ፍጥነቱን ይጨምራል። ከቀትር በኋላ ረሻድ መጣ፤ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገና አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለት የፋብሪካው ጡረተኞችም ተከትለው መጡ።

አምባው የሚሰጋው ከፊት ለፊቱ ያለውን የቆርቆሮ በር ነበር። የብዙወርቅ ቤት ነው። ልጇ ብሩህ ባለፈው የካቲት ግንባር ላይ ወድቋል። ብሩህ ጨቅላ ሳለ እናቱ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከእድላዊት ጋር ጡት ያጠባችው ፀሐይቱ ነበረች። መርዶው ከመጣ ወዲህ ግን ብዙወርቅ አምባውን አነጋግራው አታውቅም። ለለቅሶ ሲሄድም ፊቷን አዙራበታለች። አልተቀየማትም፤ በእሷ ቦታ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም በሩ ተከፈተ። ብዙወርቅ በዚያው ባላወለቀችው ጥቁር ልብሷ መንገዱን ተሻገረች። ጡረተኞቹ ተነሥተው ቦታ ለቀቁላት፤ አልተቀመጠችም።

«መቼ ነው?»

«ሐምሌ ላይ።»

«የብሩህን ሰምታ ነበር?»

«ጽፌላት ነበር።» አምባው ኪሱን በመዳፉ ያዘ። «ጥቁር እንደለበሰች ነው የሞተችው። እድላዊት ናት የጻፈችው። ልጄን፣ ልጄን ትል ነበር ብላለች።»

ብዙወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ሥዕሉ ቀረበች። ነጫጮቹን ቤቶች አንድ በአንድ ተመለከተች።

«ቤታቸው የቱ ነው?»

አምባው ተነሣ። በዚያ ሁሉ ዓመት ጠይቋት አያውቅም። ምናልባት እነ ፀሐይቱ በእነዚህ ቤቶች ኖረው አያውቁ ይሆናል። ረሻድም፣ ጡረተኞቹም፣ ብዙወርቅም ይጠብቁታል። እጁን አንሥቶ ከድንጋዩ ደረጃ አጠገብ፣ መስኮቷ ገርበብ ባለ አንዲት ትንሽ ቤት ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይቺ ናት።»

ብዙወርቅ ጎንበስ ብላ ፊቷን ወደዚያች መስኮት አስጠጋች። ከዚያም ጎረቤት ጎረቤቱን ከደጅ ሆኖ እንደሚጠራ፣ ቀስ ብላ፣ «ፀሐይቱ» አለች።