ለሙከራ የመጣው ላፕቶፕ

ላፕቶፑ ከደሴ ቆቦ የደረሰው በሚኒባስ ነው። ጋሽ በድረዲን መናኸሪያ ሄደው ከረዳቱ እጅ ሲቀበሉ ጥቅሉ በጣም ስለቀለላቸው ዕቃው የወጣበት መሰላቸው።

«ምንድነው ይሄ? ባዶውን ነው እንዴ የሰጠኸኝ?» ብለው ተቆጡ።

«ኧረ ጋሼ፣ ከፍተው ይዩት» አለ ረዳቱ እየሳቀ።

ፈተው አዩት። ግራጫ ነው፤ ከደብተር እምብዛም አይወፍርም። ጋሽ በድረዲን ዕድሜያቸውን በማሽላና በጤፍ ጆንያ መካከል ያሳለፉ እህል ነጋዴ ናቸው፤ የዕቃ ጥራት በክብደቱ ይለያል ብለው ያምናሉ። «ይሄማ ነፋስ ቢመጣ ይዞት ይሄዳል» እያሉ ለልጃቸው ለነሲባ ይዘውላት ሄዱ።

ነሲባ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ቤት አላት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የሠርግ ፎቶ ታሳምራለች። መስማት የተሳናት ናት። ሕፃን ሳለች ክፉ ትኩሳት ይዟት ከሞት ብትተርፍም ጆሮዋ ሳይመለስ ቀረ። እናቷ ሲቲ በሕይወት ሳለች ሁለቱ ለብቻቸው በፈጠሩት የእጅ ቋንቋ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ይውሉ ነበር። ጋሽ በድረዲን ለልጃቸው የሚሉት ነገር ሲኖር «እስኪ ንገሪያት» ይላሉ፤ ሲቲ ትነግርላቸዋለች። ስለዚህ መማር አላስፈለጋቸውም። «ነይ»፣ «ሂጂ»፣ «ብዪ»፣ «ጎሽ»፤ እጃቸው የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ሲቲ ስትሞት ነሲባ ገና ልጅ ነበረች። አባቷ ሞት በእጅ እንዴት እንደሚባል ጠፋቸው። መዳፋቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ተኛ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው አሳዩአት። ልጅቱ እውነት መስሏት ሄዳ እናቷን ልትቀሰቅስ ትከሻዋን ወዘወዘች። ያን ዕለት ያዩትን ጋሽ በድረዲን ለማንም አውርተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ነሲባ ደሴ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ፣ መስማት ከተሳናቸው ልጆች ጋር ተማረች። ትክክለኛውን የምልክት ቋንቋ ያወቀችው፣ ከቆቦ አለፍ ብላ ያለችውን የዋጃን ልጅ ዒምራንንም ያገኘችው እዚያ ነው። እሱም እንደ እሷው አይሰማም። ትምህርታቸውን ሲጨርሱ እሷ ወደ ቆቦ ተመለሰች፤ እሱ ደሴ ቀርቶ ኮምፒውተር የሚጠግንና የሚሸጥ ሱቅ ተቀጠረ። ሽማግሌ ልኮ፣ ጋሽ በድረዲንም ደስ ብሏቸው ፈቅደው፣ ኒካሁ ማሽላው ከታጨደ በኋላ ሊሆን ተቆርጦ ነበር።

ላፕቶፑን ከአሠሪው ተውሶ የላከላት እሱ ነው። ነሲባ መልእክቱን ከስልኳ ለአባቷ አሳየቻቸው። እሳቸውም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማሩት ንባብ ቀስ እያሉ አነበቡት፦ «በሁሉም ነገር ፈትኚው። በሥራም፣ በጨዋታም፣ በመንገድም። ከወደድሽው ለትዳራችን ይሆናል። ካልወደድሽው ሳታፍሪ ንገሪኝ።»

በማመልከቻ ጀመረች። የአሮጌው ኮምፒውተሯ ቁልፎች ወደ ውስጥ ጥልቅ ይላሉ፤ ፊደሉ መመታቱን የምታውቀው በጣቷ ነው። ይሄኛው ገና ሲነኩት ይጽፋል። መጀመሪያ ፊደል እየደጋገመባት ተበሳጨች፤ ኋላ ስትለምደው ግን አሮጌውን ዞር ብላም አላየችው። ቀጥላ የአንዲት ሙሽራ ፎቶዎች ከፈተችበት። የቀሚሷ ቀይ ልክ እንደ እውነቱ ቀይ ሆኖ ታየ። ሆኖም ክዳኑን ትንሽ ወደ ኋላ ሲያጋድሉት ይገረጣል፤ ብዙ ፎቶ አንድ ላይ ሲከፈትበትም ሆዱ ይግላል፣ ሥራውም ይንቀራፈፋል። ሳትደብቅ ለዒምራን ጻፈችለት። አንድ ከሰዓት መብራት ሲጠፋ የመንገዱ ባለሱቆች ሥራ ፈተው ደጅ ደጁን ተቀመጡ፤ የእሷ ማሽን ግን በባትሪው እስኪመሽ ሠራ፣ ባለጉዳዩም እሷ ዘንድ ተሰለፈ። በሌላ ቀን ቦርሳዋ ውስጥ ጨምራው በሚኒባስ በደሴ መንገድ ወዳለችው ሮቢት ወረደች። ሠርግ ደግሰው የነበሩ ደንበኞቿ ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አድርገው ፎቷቸውን መረጡ። የጎረቤት ልጃገረዶች ፊልም ሲያዩበት «ድምፁ የትንኝ ነው» ብለው አማረሩ፤ ያሉትን በጽሑፍ ሲያሳዩአት ነሲባ ከልቧ ሳቀች።

አባቷም ከፈተናው አልቀሩም። ወፍራም ጣት ይመቸው እንደሆነ ለማየት ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና ስማቸውን እንዲጽፉ አዘዘቻቸው። ቁልፎቹ ላይ ያለው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ አንዱን ሲነኩት ሳድሱ ይወጣል፣ ሌላውን ሲያስከትሉበት ይለወጣል። ጋሽ በድረዲን ላብ አጠመቃቸው። «ብድርድን» የሚል ወጣ። ነሲባ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችባቸውና ጣታቸውን ይዛ ፊደል በፊደል አቃናችላቸው። አባትና ልጅ እንዲያ ተጠጋግተው ከተቀመጡ ዘመን የለውም።

የመጨረሻው ፈተና ወሬ ነበር። የነሲባ ስልክ ካሜራው የደበዘዘ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ከዒምራን ጋር የሚገናኙት በጽሑፍ ነው። በላፕቶፑ ግን ፊት ለፊት እየተያዩ አወሩ። ጋሽ በድረዲን ሱቁ ደጃፍ ላይ ደርሰው ቆሙ። ልጃቸው እንዲህ ተናጋሪ መሆኗን አያውቁም ነበር። እጇ ይሮጣል፣ ቅንድቧ ይነሣል፣ ሳቋ ትከሻዋን ያናውጠዋል። ቤት ውስጥ ዝምተኛ የሚሏት ልጅ ይቺ ናት? ከምትለው ሁሉ የገባቸው የዒምራን ስም ብቻ ነው። አገጩ ላይ ጠባሳ ስላለው፣ ስሙ አገጭን በሁለት ጣት መንካት ነው። ቅናት ይሁን ቁጭት ያልለዩት ነገር አደረባቸው፤ ሳይታዩ ተመለሱ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ነሲባ አገጯን ነክታ፣ ወደ መንገዱ አመልክታ፣ «ይመጣል» አለቻቸው። ይህቺ እንኳ ገብታቸዋለች። የሚመጣበት ቀን ኀሙስ ነበር።

ኀሙስ ዕለት የዙሁር ሶላት ሳይደርስ፣ ጋሽ በድረዲን መጋዘናቸው ውስጥ ሳሉ ስልካቸው ጠራ። የዒምራን ታላቅ ወንድም ታሂር ነው፣ ከዋጃ።

«ጋሽ በድረዲን፣ ነሲባ አጠገብዎ ናት?»

«ሱቋ ናት። ዒምራንን እየጠበቀች ነው። ምነው ድምፅህ?»

ታሂር «ሮቢት ላይ ሚኒባሱ ቆሞ ነበር» አለ። «ውኃ ሊገዛ ወርዶ ሲሻገር የጭነት መኪና መጣ። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፍቷል አሉ። ሰውም ጮኾለታል። ሁሉም ሰው ጮኾለታል፣ ጋሼ…» መጨረስ አቃተው።

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው ወጣ እንጂ ልባቸው ገና አልደረሰበትም።

«ዛሬውኑ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ እንቀብረዋለን። ነሲባን እርስዎ ይንገሯት።»

መጋዘኑን ሳይዘጉ ወጡ። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲላቸው የመለሱ ይሁን ያልመለሱ አያውቁትም። በምን ልነግራት ነው የሚለው ብቻ ጭንቅላታቸው ውስጥ ይዞራል። መዳፍ ጉንጭ ላይ ማድረግን አሰቡና ተዉት። ያን ምልክት ሁለተኛ አያደርጉትም።

ነሲባ አዲስ ሻርፕ አድርጋለች። አባቷን ስታይ ፊቷ በራ። ላፕቶፑን በአንድ እጇ እንደ ሳህን ከፍ አድርጋ፣ ቀላል ነው እኮ በሚል ዓይን ሳቀችላቸው። ጋሽ በድረዲን ሁለት ጣታቸውን አገጫቸው ላይ አደረጉ። ነሲባ በደስታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወዲያ እጃቸው የሚሄድበት አጣ፣ አየር ላይ ቀረ። ወንበሩን ስበው ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ።

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈለጉ። «እምርን» ብለው ጻፉ። ነሲባ ልምምዱን የቀጠሉ መሰላት። በትከሻቸው ላይ ጎንበስ ብላ፣ እየሳቀች «ዒምራን» ብላ አቃናችላቸው። ቀጠሉ። «ም» ወጣ። «ት» ወጣ። ከዚህ በላይ ጣታቸው አልሄደም።

ነሲባ የጻፉትን አየች። አባቷ የተሳሳቱ መስሏት አጠፋችውና በቦታው «መጣ» ብላ ጻፈች። ስክሪኑ ላይ «ዒምራን መጣ» የሚል ቆመ። ሻርፗን አስተካክላ፣ ወደ ደጅ ለመውጣት ተነሣች። ጋሽ በድረዲን ክንዷን ያዙ። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ።

ፊታቸውን አየች። ስክሪኑን አየች። እንደገና ፊታቸውን አየች። ቀስ ብላ ተቀመጠችና የጻፈችውን ፊደል በፊደል አጠፋች፤ ከዒምራን ስም በኋላ ባዶ ሆነ። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ አባቷ ገፋችው።

ጋሽ በድረዲን ደግመው «ም» እና «ት»ን ነኩ። ይህን ጊዜ አላቃናቻቸውም።

ዋጃ ሲደርሱ ጀናዛው ሊወጣ ነበር። ወንዶቹ ወደ መቃብር ሲሄዱ ነሲባ ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀረች። የሚጮኹ አፎች ብቻ ይታዩዋታል። ጋሽ በድረዲን ከቀብር ሲመለሱ ልጃቸው ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ አገኟት። እንባም አልነበራትም።

አመሻሹ ላይ የዒምራን ጓደኞች ከደሴና ከወልድያ መጡ። ሁሉም መስማት የተሳናቸው ናቸው። ነሲባ ስታያቸው ብድግ ብላ ወጣች፤ ግቢው መሐል ከበቧትና ያን ጊዜ እጇ ተፈታ። ለቅሶኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እጇ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ደረቷን ይመታል፣ ያንኑ ነገር ይደግማል።

ከጓደኞቹ አንዱ፣ ሙሀመድሰይድ፣ ጆሮውን ያጣው አድጎ ስለሆነ አፉን ፈትቶ ይናገራል፤ የሰውም ከንፈር ያነባል። ጋሽ በድረዲን ወደ እሱ ቀርበው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«ምንድነው የምትለው፣ ልጄ?»

«ስለ ላፕቶፑ ነው።»

«ስለ ላፕቶፑ?»

«ለሥራ ግሩም ነው፣ ለመንገድም ግሩም ነው ብላው ነበር። ለእኛ ወሬ ግን አይሆንም አለችው። ፊቷን ሲያሳይ እጇን ይቆርጠዋል፤ እጇ እንዲታይ ስትርቅ ፊቷ ይጠፋል፤ ኔትወርኩም ቃሉን መሐል ላይ ያስቀረዋል። እሱም ‹እንግዲያው ልምጣና ፊት ለፊት እናውራ› አላት።» ሙሀመድሰይድ ወደ ነሲባ ተመለከተ። «‹ደህና ነው ብዬ ብዋሸው ኖሮ አይመጣም ነበር፤ እኔ ነኝ የጠራሁት› ነው የምትለው። ሌላ ነገር አትልም።»

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም በላታ!»

«ሁላችንም ብለናታል። አልተቀበለችንም።»

«እንዴት ነው የሚባለው? አሳየኝ።»

ሙሀመድሰይድ አሳያቸው። ጋሽ በድረዲን ከአጥሩ ጥግ ቆመው እንደ ሕፃን ተለማመዱት፤ ያ ሁሉ ጆንያ ያነሣ ክንድ ለዚህ አልታዘዝ አለ። ከዚያ ሄደው ልጃቸው ፊት ተንበረከኩና በእጃቸው «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አሏት። ከሲቲ ሞት ወዲህ በእጃቸው የነገሯት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

ነሲባ የአባቷን እጆች ለረዥም ጊዜ አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ለእሷ ዓይን መጨፈን በር መዝጋት ነው፤ ከውጭ ሆኖ የሚያንኳኳ ሁሉ በከንቱ ይደክማል። ጋሽ በድረዲን እጃቸውን ሰበሰቡ።

የዒምራን አሠሪ ላፕቶፑ ይቅርላት ብሎ ነበር። ነሲባ እሺ አላለችም፤ ጠቅልላ በሙሀመድሰይድ እጅ መለሰችውና ወደ አሮጌው ኮምፒውተሯ ተመለሰች። ማሽላው ታጨደ። ኒካሁ ሊሆን የነበረበት ሳምንት መጣ፣ አለፈ። በዚያ ሳምንት አባትና ልጅ ሌላውን ላለማየት አቀርቅረው ነው የበሉት።

ጋሽ በድረዲን ግን መማራቸውን አልተዉም። ሙሀመድሰይድ ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥር አዳዲስ ቃል ይቀስማሉ፤ መጋዘናቸው ውስጥ ገዢ ሲጠፋ ብቻቸውን እጃቸውን ያወናጭፋሉ። የሚያያቸው ሰው አንድ ነገር ሆነዋል ብሎ አምቷቸዋል። ቤት ሲገቡ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ገበያ ስላዩት ሰው ለነሲባ ይነግሯታል። እሷም ታያቸዋለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ ትመልሰዋለች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ምሳ በልተው እንደ ተቀመጡ፣ አንድ ቀን ራሷ ጀመረች። ስለ ዒምራን ነበር። ደሴ ሳሉ የሆነ ነገር ነው፤ ዳገት አለበት፣ ጃንጥላ አለበት፣ የተቆጣ ዘበኛ አለበት። የቀረውን ጋሽ በድረዲን አልያዙትም። እጇ ፈጠነባቸው። ድገሚልኝ ሊሏት አሰቡና ተዉት፤ ካቆመች ዳግመኛ የምትጀምር አልመሰላቸውም። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እያዩዋት እስክትጨርስ ጠበቁ። ስትጨርስ እንባዋ ይወርድ ነበር፤ የእሳቸውም እንዲሁ። የነገረቻቸው የሚያስቅ ይሁን የሚያስለቅስ ግን እስከ ዛሬ አያውቁትም።