አሥር ኩንታል ጃዝ

ድምፁን መጀመሪያ የሰማው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀስ ያለ ዜማ እየተጫወተ ነበር፤ ከበሮው ይዳበሳል፣ ቤዙ ከሥር ያጉረመርማል፣ ሳክስፎኑ ገና ሊገባ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው። በዚያ መካከል አንድ ነገር «ቋ» አለ። ሰውዬው ሸክላው ተጭሮ ይሆናል ብሎ መርፌውን አነሳና ወደ ኋላ መለሰው። እዚያው ቦታ ሲደርስ ምንም የለም። ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም የለም። ሸክላ ጭረቱን አይረሳም፤ በዞረ ቁጥር እዚያው ላይ ይናገራል። ስለዚህ ድምፁ ከሸክላው አልነበረም።

ከእግሩ ሥር ነው የመጣው፤ ከወለሉ።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አሳንሰር ሲጠግን ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። «ስምንት ሰው፣ ስድስት መቶ ሠላሳ ኪሎ» የምትለዋን የብረት ሰሌዳ በስንቱ ሕንፃ በገዛ እጁ መትቷታል። ዘጠነኛ ሰው ተጋፍቶ ሲገባ ካየ፣ አለቃ ሳይል ባለሥልጣን ሳይል «ውረድ! ገመድ ይሉኝታ አያውቅም!» ብሎ ያስወርድ ነበር።

ከሸክላ ጋር ያስተዋወቀውም ይኸው ሥራ ነው። ሊፈርስ የተወሰነ ሆቴል ውስጥ የአሳንሰር ሞተር ሊያወርድ ሲሄድ፣ ዘበኛው ምድር ቤት ሊጣል የተከመረ የሸክላ ካርቶን አሳየው። ጃዝ የሚባል ነገር መሆኑን እንኳ አላወቀም። አንዱን ቤቱ ወስዶ ሲያጫውተው ግን፣ አሳንሰር ከላይኛው ፎቅ ሲለቀቅ ሆድ ውስጥ የሚሰማው ያ ባዶነት ተሰማው። ከዚያ ወዲያ የሚዘጋ ሆቴል፣ ቤቱን የሚለቅ ሰው፣ ዕቃው የሚሸጥ ሟች ካለ ባለ ሸክላው እዚያ አይጠፋም። ሰፈሩ የሚጠራውም በዚሁ ስም ነው። ሚስቱ ግን ሸክላዎቹን «ጣውንቶቼ» ትላቸዋለች። «ጣውንቶቼ ዛሬ ደግሞ ስንት ወለዱ?» ትላለች፣ በካርቶን ተሸክሞ ሲገባ።

ባለፈው ቅዳሜ ብዙ ወለዱ። እንደሱው ሰብሳቢ የነበረ ጓደኛው ሞቶ፣ ልጆቹ «አባታችን ላንተ ነው ያለው» ብለው ስምንት መቶ ሸክላ አስረከቡት። አራቱም ግድግዳ ስለሞላ አምስተኛ መደርደሪያ ሠርቶ መሐል ወለሉ ላይ አቆመ።

አሁን መርፌውን አንሥቶ ቆሞ በልቡ አሰላ። መቶ ሸክላ ሠላሳ ኪሎ ይመዝናል። እሱ ጋ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አለ። መደርደሪያውን ስትጨምር አሥር ኩንታል። ቤቱ አሮጌ፣ ወለሉ ሳንቃ፣ ከሳንቃው ሥር ያለው አግዳሚ እንጨት ደግሞ ከእሱ በዕድሜ የሚበልጥ ነው።

ስሌቱን ጨርሶ ለማንም አልተናገረም።

ማክሰኞ ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ በሩን አንኳኳች። ታችኛው ቤት ከአልጋ ከማትነሳ እናቷ ጋር ነው የምትኖረው። መዳፏ ላይ የልስን ቁራጭ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። ይቺ እናቴ ብርድ ልብስ ላይ ወደቀች።»

ተከትሏት ወረደ። ኮርኒሱ ላይ ከግድግዳው የተነሣ ስንጥቅ ወደ መብራቱ ይሄዳል፤ ልክ ከአሮጊቷ እግር በላይ። አሮጊቷ ተኝታ ሰላም አለችው። እሱ ወንበር ላይ ቆሞ ስንጥቁ ያለቀበት ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ።

«የልስን ነው ልጄ» አላት። «አሮጌ ልስን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እኔ እከታተለዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት? እናቴን ወደዚያኛው ጥግ ላድርጋት?»

«ምን ያንገላታታል!»

ይህን ሲል የገዛ ድምፁን እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሰማው። ዳገት እንደወጣ ሰው እያለከለከ ደረጃውን ወጣ።

ረቡዕ «ልየው» ብሎ ተመልሶ ወረደ። ስንጥቁ ምልክቱን በሁለት ጣት አልፎታል። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ እየቆረጠች ነበርና ቀና ሳትል «እንዴት ነው ጋሼ?» አለች። እሱ አውራ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ የትናንቱን ምልክት አጠፋና፣ ስንጥቁ አሁን ያለቀበት ላይ አዲስ አደረገ።

«ያው ነው» አላት።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አንዴ ከተናገረ ሚስቱ ወንድሟን አናጢውን ትጠራለች፤ አናጢው ደግሞ የመጀመሪያ ቃሉ «አውጣቸው» እንደሚሆን ያውቃል። የት ነው የሚያወጣቸው? ዝናብ ላይ? በየሰው ቤት በትኖ? ዓርብ ሚስቱ እህቷ ጋ ስትሄድ ብቻዬን ቀስ እያልኩ አቀልለዋለሁ ብሎ ራሱን አሳመነ። ከመሐለኛው መደርደሪያ አርባ ሸክላ አንሥቶ ግድግዳ ሥር ደረደረና ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው እፎይ አለ። ማጫወቻውን ግን አልከፈተም። የሚወደውን ሸክላ ከሽፋኑ አውጥቶ፣ እፍ ብሎ፣ መልሶ ከተተው።

ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ ሎሚ ከእጇ አመለጣት። ሎሚው ወለሉ ላይ ተንከባለለና፣ መሐል ያለው መደርደሪያ ሥር ሄዶ ቆመ። ሌላ ሎሚ አንሥታ ከበሩ በኩል ለቀቀችው። እሱም እዚያው ሄደ።

«ወለሉ መቼ ነው የጎደጎደው?» አለች።

ሎሚዎቹን ሊያነሣ ዞረ። አርባ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ሲሸሽ ታውቀዋለች።

«አንተ! ታውቃለህ አይደል?»

«ልናገር ነበር።»

«ለታችኛዋስ ነግረሃታል?»

«ልነግራት ነበር አልኩሽ።»

«መቼ? ቀብሯ ላይ?»

ወንድሟ ጋ ደወለች። አናጢው ግማሽ ሰዓት ያህል ይርቃል። በስልኩ የተናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ከሥር ያለውን ሰው አውጡ፣ እኔ እስክደርስ መሐል ወለሉን ማንም አይርገጠው።

ባለ ሸክላው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

«እማማን እናውጣት። አሁኑኑ።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች አየችው። «ትናንት ያው ነው አላሉኝም?»

«ልጄ፣ እባክሽ፣ አሁን እናውጣት።»

አልጋው በበሩ አያልፍም። ጎረቤት ያለውን ዳቦ ጋጋሪ ጠሩት፤ ዱቄት በዱቄት ሆኖ እየሮጠ መጣ። አሮጊቷን በብርድ ልብሱ ይዘው ሊያወጧት ተስማሙ። ዳቦ ጋጋሪው በራስጌ፣ ልብስ ሰፊዋና ባለ ሸክላው በግርጌ ያዙ። «አንድ፣ ሁለት» ብለው እንዳነሷት ከላይ የሚጎተት ነገር ድምፅ ተሰማ። ዕቃ ነው። ከዚያ የእግር ኮቴ፤ መሐል ወለሉ ላይ።

ሚስቱ ናት።

«ውጪ!» ብሎ ጮኸ ወደ ኮርኒሱ። «ውጪ ከዚያ!»

ኮቴው አልቆመም። ልቡ ደረጃውን እየወጣ ነው፤ እጁ ግን የሰው እናት የተኛችበትን ጨርቅ ይዟል። ቢለቅ አሮጊቷ መሬት ላይ ትወድቃለች። ባይለቅ ደግሞ የእሱው ሚስት ናት። ልስን እንደ ዱቄት ትከሻው ላይ ይዘንባል። ልብስ ሰፊዋ ፊቱን አይታ «እንዳይለቁ፣ ጋሼ፣ እንዳይለቁ!» አለችው። አልለቀቀም። እስከ በሩ ያለው ስድስት እርምጃ ስድስት ኪሎ ሜትር ሆነበት።

አሮጊቷን ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ እንዳሳረፏት፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር አጥንት እንደሚሰበር ጓ ብሎ ጮኸ። ባዶው አልጋ ላይ ልስኑ በሙሉ ተንዶ ወረደ።

ላይ ሲደርስ በሩ ላይ ቆመ። ወለሉ አንድ ስንዝር ሰርጎ ወደ መሐል ተዘቅዝቋል። ሚስቱ መደርደሪያው አጠገብ ቆማለች፤ አሥራ አምስት የሚሆን ሸክላ ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ ፊቷ ወረቀት መስሏል።

«እንዳትንቀሳቀሺ» አላት።

«እሺ» አለች። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ያለ ክርክር እሺ ብላው አታውቅም፤ ያ ነው ይበልጥ ያስደነገጠው።

ከበሩ ጀርባ ያለውን መሰላል አወጣ፤ የላይኛውን መደርደሪያ የሚደርስበት ነው። በሆዱ ተኝቶ፣ ከደፉ ላይ አስነሥቶ፣ ወደ እሷ በቀስታ አንፏቀቀው። እጁ ሥራውን ያውቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት በአሳንሰር ጉድጓድ አፍ ላይ ተኝቶ የሠራ እጅ ነው።

«ጫማሽን አውልቂ። በግራ እግርሽ መሰላሉን ፈልጊው። ወደ ታች አትዪ፣ እኔን እዪኝ። አሁን ሸክላዎቹን ልቀቂያቸው።»

«እነዚህ እኮ የምትወዳቸው ናቸው። እነሱን ላወጣልህ ብዬ ነው የገባሁት።»

«ልቀቂያቸው አልኩሽ!»

ለቀቀቻቸው። እየተንሸራተቱ ወደ መሐሉ ወረዱ። አንዱ በድሮ ጊዜ የተሠራ፣ እንደ ሳህን የሚሰበር ዓይነት ነበርና ለሁለት ሲከፈል ተሰማ። እሱ ዞር ብሎ አላየውም። ወለሉ አቃሰተ። ሚስቱ አንድ እግሯን መሰላሉ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ሌላውን፤ ከዚያ ተንበርክካ መጣች። እጇን ሲይዘው በረዶ ነበር። ደፉን ካለፉ በኋላም አልለቀቀውም።

አናጢው ደርሶ ከታች በሦስት ወፍራም ቋሚ ደገፈው። ከዚያ ሰፈሩ ደረጃው ላይ ተሰልፎ ሸክላዎቹን እየተቀባበለ አወረደ። ወለሉ ሲከፈት አግዳሚው ከመሐሉ በስብሶ ተሰንጥቆ ነበር፤ ያን ሁሉ ሸክም ይዞ የቆየው አውራ ጣት የማይሞላ እንጨት ነው። አናጢው ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከተተና አማቹን አየው። «አንተ የአሳንሰር ሰው ነህ እንዴ?» አለው።

ግቢው ውስጥ ግን ምስጋና ሆነ። ዳቦ ጋጋሪው «ባለ ሸክላው ባይነቃ ኖሮ ይሄኔ ለቅሶ ላይ ነበርን» እያለ ለመጣው ሁሉ ይተርካል። ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች እጁን ያዘችው።

«እናቴን አተረፉልኝ ጋሼ። እግዜር ያክብርልኝ።»

ሚስቱ ከጎኑ ቆማለች። አላጋለጠችውም፤ አላገዘችውምም። መሬት መሬት ታያለች። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«ማክሰኞ የልስን ነው ስልሽ አውቄ ነበር» አለ። «ረቡዕም ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ነበር። ምልክቱን በጣቴ አጥፍቼ ነው ሌላ ያደረግኩት። ሸክላዎቹን አውጣ እንዳልባል ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እጁን ለቀቀችው። በአራት ዓመት ጉርብትና ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለችው።

«አንተ፣ እኔ ከሥር ጨርቅ እየቆረጥኩ፣ እናቴ ተኝታ… አጠፋኸው? ፊቴ ቆመህ?»

«አዎ።»

ዳቦ ጋጋሪው ትረካውን አቆመ። በዚህ መካከል አሮጊቷ ከወንበሩ ላይ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ተይው ልጄ» አለች። «እኔም እኮ እሰማ ነበር።»

«ምኑን እማዬ?»

«እንጨቱን። እዚህ ቤት ከገባን ጀምሮ ይንቋቋል። ከቅዳሜ ወዲህማ ባሰበት።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም!»

አሮጊቷ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበች። «ብናገር ዘፈኑን ያቆሙብኛል ብዬ ነዋ። ጣሪያ እያየሁ ነው የምውለው፤ ሌላ ምን አለኝ?»

ልብስ ሰፊዋ አንዴ እናቷን፣ አንዴ እሱን አየች። «ሁለታችሁም እብዶች ናችሁ» አለችና ወደ ዳቦ ቤቱ ገብታ በሩን ዘጋች። ሚስቱ ተከትላት ገባች። እዚያ ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልነገረችውም።

ለሁለት ወር ልብስ ሰፊዋ አላናገረችውም። አዲሱ አግዳሚ ከብረት ሆነ። ሸክላዎቹ ተከፋፈሉ፤ ግማሹ አናጢው ሥራ ቦታ ደረቅ መጋዘን ውስጥ ገባ፣ ከቀረው ብዙው ለሌሎች ሰብሳቢዎች ሄደ፣ ላይኛው ቤት ግድግዳ ሥር አምስት መቶ ብቻ ቀረ። ቁጥሩን የወሰነችው ሚስቱ ናት። እሱ አልተከራከረም።

አንድ እሑድ ልብስ ሰፊዋ ሳታንኳኳ ገባች። አንገቷ ላይ የልብስ ሜትሯ አለ። ማጫወቻው ላይ ሸክላ እየዞረ ነበር፤ ሊያጠፋው ሲነሣ በእጇ ተወው አለችው። ከግድግዳ ግድግዳ ክር ወጥራ ወለሉን መሐል ላይ ለካች፤ መደርደሪያዎቹን ቆጠረች፤ ሁሉንም ደብተሯ ላይ ጻፈች። «በየወሩ እመጣለሁ» አለች። «አንተን ስለማላምን ነው።»

«ልክ ነሽ» አላት።

መውጣቷን ትታ በሩ ላይ ቆመች። መለከቱ ረጅም አንድ ድምፅ ይዞ አልለቅ ብሏል።

«ይሄ ሰውዬ ትንፋሽ የሚባል ነገር የለውም?» አለች።

«አለው። ቁጭ ብለሽ ከሰማሽ የት ጋ እንደሚወስድ ይታወቅሻል።»

ሚስቱ ወንበር ሳበችላት። ልብስ ሰፊዋ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች፤ ደብተሯን አልዘጋችም።