የፀጉር አስተካካዩ የጫካ ቢላ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እውነት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ምሎበታል፤ ያውም ምላጩን የደንበኛው ጉሮሮ ላይ እንዳሳረፈ። በዓይኑ ምሏል፣ በእጁ ምሏል፣ በአንድ ልጁ ምሏል። በፀጉሩም ሊምል ቃጥቶት ነበር፤ ግን አናቱ እንደ ሸክላ ሳህን ከለሰለሰ ቆይቷልና፣ መላጣ ሰው በፀጉሩ ቢምል ማን ያምነዋል ብሎ ተወው። ምላጭ አንገቱ ላይ ሆኖ "ውሸት ነው" ያለ ደንበኛ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንግዲህ ተቃዋሚ የሌለው ነገር ሁሉ እውነት ከሆነ፣ በዚያች ጠባብ ፀጉር ቤት ውስጥ አንድም ውሸት ተነግሮ አያውቅም።

ቤቷ ሲዞር የሚያቃስት አንድ ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ለተራ ጠባቂ የሚሆን አግዳሚ መቀመጫና ምላጭ የሚፋጭበት ቆዳ የተንጠለጠለበት ምስማር አላት። ከምስማሩ ሥር ቆሞ የሚያወራው ፀጉር አስተካካይ ግን በዓለም ላይ ያልደረሰበት ነገር የለም። ጉንፋን ከያዘው ሐኪሞች ተሰብስበው ያለቀሱለት ጉንፋን ነው። ውሻ ከጮኸበት ያ ውሻ እሱ ሲያወራው ጅብ፣ ሲደጋግመው አንበሳ ይሆናል። ከሁሉ የገነነው ግን የጫካው ወሬ ነው። በጉብዝናው ጊዜ ጫካ ውስጥ በአንድ ቢላ ብቻ ኖሯል። ይህ ወሬ እንደ ልጅ ነው ያደገው፤ ሲወለድ አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ጥርስ ሲያበቅል ሳምንት ሞላው፣ አሁን ክረምቱን ሙሉ ሆኖ ፂም አውጥቷል።

ወሬውን ምላጭ ሳይያዝባት የምታምነው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ልጁ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በዚህ ወሬ ነው የተኛችው። "አባዬ፣ ነብሩን ድገምልኝ" ስትለው፣ ነብሩ በነጋታው ሁለት ሆኖ ይመጣል።

አንድ ቀን ይህች ልጅ እየሮጠች ወደ ፀጉር ቤቱ ገባች።

"አባዬ፣ ሥራ አገኘሁ! መሬት ቀያሽ ሆኜ ተቀጠርኩ። ገጠር ለገጠር ነው፤ ወራት በድንኳን ነው የምናድረው።"

"እሰይ የኔ እመቤት!"

"ቢላ ያስፈልግሻል ብለውኛል፤ የማይታጠፈውን ዓይነት። ገዝቼ አላውቅም። ካንተ በላይ ማን ያውቃል? አንተ ትመርጥልኛለህ። ከመሄዴ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ጫካ ወስደህ ታስተምረኛለህ፤ እሳቱን፣ መጠለያውን፣ ሁሉንም።"

የፀጉር አስተካካዩ መቀስ በራሱ ጊዜ "ቀጭ" አለ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር በግራ ጆሮው በኩል ያለውን ፀጉሩን ያጣው ያኔ ነው።

"ምን ሆንክ ጋሼ?" አለ መምህሩ።

"ደስታ ነው፤ እጄን ያዘኝ" አለ ፀጉር አስተካካዩ። በግንባሩ ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል። እሳት አቀጣጥሎ የሚያውቀው በቤቱ ምድጃ ነው፤ እሱንም ሚስቱ ክብሪቱን ካቀበለችው። ከተማው በሙሉ ቢስቅበት ግድ አልነበረውም፤ ደንበኛ ሄዶ ደንበኛ ይመጣል፣ ፂምም ማደጉን አያቆምም። ልጁ ግን "ለካስ እንዲህ ነህ" ብላ አንድ ጊዜ ካየችው፣ ነብሮቹ ሁሉ በአንድ ቀን ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ ለማን ሊያወራ ነው? ለመስታወቱ?

በማግስቱ አባትና ልጅ የካምፕ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄዱ። ሱቁ ጎማ ጎማ ይሸታል፤ ከጣሪያው ገመድ፣ ከግድግዳው የጀርባ ሻንጣ ተንጠልጥሏል። ባለሱቋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቆፍጣና ሴት ናት።

"ምን ልስጥዎ ጋሼ?"

"የጫካ ቢላ። ለልጄ ነው እንጂ እኔማ ጫካውን በጥርሴም እወጣዋለሁ።"

"ጥርስ አንሸጥም፤ ቢላ አለ" አለችና ከባንኮኒው መስታወት ሥር አንድ ትሪ አወጣች።

ፀጉር አስተካካዩ የመጀመሪያውን ባየ ጊዜ የደነገጠውን ያህል ሚስቱን ያየ ቀን እንኳ አልደነገጠም። ቢላው የክንድ ያህል ይረዝማል፤ ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል፤ እጀታው ጫፍ ላይ አቅጣጫ ጠቋሚ አለው። እጀታውን ሲፈታው ከውስጡ መንጠቆ፣ ክርና መርፌ ወጣ። "ይቺ ቢላ አይደለችም፣ ቤተሰብ ናት!" ብሎ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበና በሱቁ መስታወት ፊት ቆመ። መስታወቱ ውስጥ ጀግና ፈልጎ አጣ፤ ያገኘው ዱባ ሊከትፍ የተዘጋጀ መላጣ ሰውዬ ነው። እሱም ራሱ ሳቀ።

"እጀታው ባዶ ነው" አለች ባለሱቋ። "ስለቱ የተያያዘው በአንዲት ቡሎን ነው። እንጨት ላይ ሲመቱት ስለቱ ወደ ጫካ፣ እጀታው ከእርስዎ ጋር ወደ ቤት።"

"አውቄአለሁ፤ ልፈትንሽ ብዬ ነው" አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "ይቺስ? ቀጭኗ?"

"እሷ በሁለቱም ጎን ስለት ናት፤ ለመውጋት ነው የተሠራችው። ልጅዎ መሬት ልትለካ ነው ወይስ ሰው ልትወጋ?"

"እንደ አለቃዋ ጠባይ ነው።"

ልጁ ሳቋን ለቀቀችው። እየሳቀች እጇን ወደ ትሪው ዘርግታ ከሁሉም አንዲት ዝምተኛ ቢላ አነሳች። መጋዝ የላት፣ መርፌ የላት፤ ስለቷ ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም፣ ጀርባዋ ወፍራም ነው፣ ብረቷም ሳይቋረጥ እስከ እጀታዋ ጫፍ ይዘልቃል። አፎቷ ተራ ቆዳ ነው።

"ይቺ እጄ ውስጥ ገባች" አለች ልጅቷ።

ፀጉር አስተካካዩ ቢላዋን ተቀበላትና የሙያውን ፈተና ፈተናት። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ስለቷን ክንዱ ላይ አሳረፈ፣ ሳብ አደረገ። የክንዱ ፀጉር ጎንበስ ብሎ አሳለፋትና ተመልሶ ቆመ።

"አትላጭም!" አለ፤ እንደተሰደበ ሰው።

"እንጨት ፂም የለውም፣ ጋሼ። ስለቷ ወፈር የተደረገው እንዳይሸረፍ ነው። እባክዎ እንዳይነኩት።"

"እህቴ፣ ስለት ለእኔ ትነግሪኛለሽ?"

ቢላዋ ተገዛች። ከሱቁ ሲወጡ ልጅቷ አፎቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር፤ እሱ ግን ልቡ ቆስሏል። የማይላጭ ስለት በእሱ ስም ጫካ ሊገባ? ፀጉር ቤቱ እንደደረሱ ቢላዋን ከእጇ ወሰደና መሳያ ድንጋዩ ላይ ውኃ ረጨ። በሻካራው ፈተጋት፣ በለስላሳው ደገማት፣ በመጨረሻም ምላጭ በሚፋጭበት ቆዳ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሳት።

"አባዬ፣ ሴትየዋ አትንካ ብላለች እኮ!"

"ሴትየዋ ድንኳን ሻጭ ናት። እኔ ስለት ውስጥ ነው የሸበትኩት።"

"የቱ ፀጉርህ ነው የሸበተው?"

እሱ ማፋጨቱን ቀጠለ። ስለቷ እየሳሳች እየሳሳች ሄዳ የሽንኩርት ልጣጭ አከለች። የክንዱ ፀጉር ገና ቢላዋ ስትመጣ እያየ ይረግፍ ጀመር። ለማረጋገጫ የሒሳብ መምህሩ በሰዓቱ መጥቶ ተቀመጠ።

"ምንድን ነው የያዝከው?" አለ መምህሩ በአረፋው ውስጥ።

"አትንቀሳቀስ።"

"ቢላ ነው እኮ!"

"አትናገር፤ ከንፈርህ ላይ ነኝ።"

መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። ተላጭቶ ሲጨርስ ጉንጩ እንደ ሕፃን መቀመጫ ለስልሶ ነበር። በመስታወቱ ራሱን አየና "በሕይወት አለሁ?" ብሎ ጠየቀ። ፀጉር አስተካካዩ ሆዱ ቅቤ ጠጣ። ቢላዋን ከምላጮቹ ጎን ምስማሩ ላይ ሰቀላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሆነ፤ ሰማዩም ደመነ። ልጅቷ የተዋሰችውን መኪና አስነሳች። ሚስቱ በፎጣ የተጠቀለለ ዳቦ አቀበለችና "አንተ ሰው፣ ልጄን ይዘህልኝ ተመለስ" አለች። አባትና ልጅ ወደ ጫካው ገቡ፤ የሆነውም ይህ ነው።

ዛፎቹ ጫፋቸው አይታይም። ፀጉር አስተካካዩ ግን እንደ አገሩ ሰው ገባባቸው። ገና ከመግባቱ ወንዝ ሊዘል ተንደርድሮ መሐሉ ላይ ዘፍ አለ፤ አንድ ጫማውን ውኃው ወሰደው። "ዓሦቹም እግር ይኖራቸዋል" አለና በአንድ እግሩ እያነከሰ ቀጠለ። ግንድ አጋደመ፣ የቢላዋን ስለት ግንዱ ላይ አሳረፈ፣ ጀርባዋን በዱላ መታ። ቀጭ! ግንዱ ምንም አልሆነም። ስለቷ ግን ተሸራርፋ ማበጠሪያ ሆነች፤ ጥርሷ ሳይቀር የተስተካከለ፣ ፀጉር ቤት ቢወስዷት ለሽያጭ የምትበቃ።

ያኔ ዝናቡ መጣ። ዝናብም አይባል፤ ሰማዩ ገንዳውን ደፋው እንጂ። ከቁጥቋጦውም ውስጥ አንድ ከርከሮ ወጣ፤ ቁመቱ የመኪና፣ ጥርሱ የበሬ ቀንድ። በቀጥታ ወደ ልጅቷ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ግን ከፊቱ ያለው ፀጉር መሆኑን አየ፤ ያልተበጠረ፣ የተንጨባረረ፣ ዕድሜውን ሙሉ ባለሙያ ያልነካው ፀጉር። እጁ በልማድ ተነሳ።

"ጎን ጎኑን ልቀንስልህ፣ ወይስ ሙሉውን ልላጭህ?" አለው።

ከርከሮው ግራ ገብቶት ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ በዚያች የማበጠሪያ ቢላ አንድ ጎኑን አበጥሮ፣ ላጭቶ፣ አንገቱን አስተካክሎ ለቀቀው። አውሬው ገላውን ኩሬ ውስጥ አየ፤ ግማሹ ከርከሮ፣ ግማሹ ሙሽራ። ከእፍረቱ የተነሳ አንገቱን ደፍቶ ወደ መጣበት ተመለሰ። ፀጉር አስተካካዩ ቢላዋን እንደ መጋዝ ተጠቅሞ ቅርንጫፍ ቆረጠ፣ መጠለያ ሠራ፣ በከርከሮው ፀጉር እሳት አቀጣጠለ። ልጁ እሳቱ ዳር ተቀምጣ፣ "አባዬ፣ ያወራኸኝ ሁሉ እውነት ነበር ማለት ነው" አለችው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጭሱ ነው።

"ጭሱ ነው" አለ ፀጉር አስተካካዩ ሰኞ ጠዋት፣ ይህንኑ ታሪክ ለሒሳብ መምህሩ ሲጨርስለት። መምህሩ እስከ ዓይኑ ድረስ በአረፋ ተሸፍኖ፣ ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሆኖ፣ ትንፍሽ ሳይል ነው የሰማው። ልጅቷ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ልትሰናበት መጥታ ነው፣ አውቶቡሷ ሊነሳ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ቆዳው ላይ ሊያፋጭ ዞር አለ። መምህሩ ለዓመታት የጠበቀው ጊዜ ይህ ነበር። አንገቱ ነፃ ነው። ፈጥኖ ወደ አግዳሚው ዞረ።

"አንቺ ልጅ፣ አብረሽው ነበርሽ። እውነት ነው?"

ወንበሩ አቃሰተ። ፀጉር አስተካካዩ ጀርባውን እንደ ሰጠ ቆዳውን ይዞ ቀረ፤ መላጣው ብቻ ቀስ እያለ ቀላ።

ልጅቷ ተነስታ ወደ ምስማሩ ሄደች፤ እዚያ የተሰቀለ ፎጣ ገለጥ አደረገች። ከፎጣው ሥር ቢላዋ ተንጠልጥላለች፤ ስለቷ ምንም አልሆነችም፣ እንደ ምላጭ ታብረቀርቃለች።

"ረስተናት ነው የሄድነው" አለች በዝግታ። "ከእርስዎ ፂም በቀር ምንም ቆርጣ አታውቅም።"

"ጫካውስ?"

"ጫፉ ላይ እንደደረስን ዘነበ። ከመኪናው አልወረድንም። የእማዬን ዳቦ በላን።"

"ከርከሮውስ? ግማሽ ጎኑ የተላጨው?"

"እሱን እዚያው መኪናው ውስጥ ነው ያወራልኝ።"

መምህሩ ሳቀ፤ አረፋው እስከ መስታወቱ ተፈናጠቀ። ፀጉር አስተካካዩ ግን አልዞረም። ልጅቷ ጃኬቷን ገለጥ አድርጋ ቀበቶዋን አሳየች፤ ያቺኑ የምትመስል ሌላ ቢላ በተራ ቆዳ አፎት ውስጥ ተሰክታለች።

"ሁለተኛዋን ከሴትየዋ ገዛሁ፣ አባዬ። አንተ የመረጥክልኝን ዓይነት። ይቺኛዋን ግን እንዳትስልብኝ።"

"እኔ መረጥኩ?" አለ ድምፁ ሰልሎ።

"እኔ ሳነሳት አንተ አይደለህም የከፈልከው?"

ሻንጣዋን አንስታ መላጣውን ሳመችው። መምህሩ አሁንም አልጠገበም።

"ቆይ፣ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ነው እንዴ የዘነበው? ካባራ በኋላ እንኳ አትወርዱም ነበር?"

"ኧረ ወዲያው ነው ያባራው" አለች በሩ ላይ ሆና። "ከመኪናው አንወርድም ያልኩት እኔ ነኝ። ከርከሮው ገና ግማሹ ነበር የተላጨው።"