ሰይፉን ማን ሳለው

ሰፈሩ ሁሉ «እጀ ቀላሉ» ይለው ነበር። ፀጉር አስተካካይ ነው። ምላጩ አንገት ላይ ሲያልፍ ንፋስ እንጂ ስለት አይመስልም ይባልለታል፤ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ያላንኮራፋ ደንበኛም የለውም። ያቺ እጅ ናት እንግዲህ አንድ ቀን ጉድ የሆነችው። የሱቁን ትልቅ መስታወት ከግድግዳ ሊያወርድ ሲታገል መስታወቱ አምልጦት ተሰበረና ቀኝ ክንዱን ከአንጓው ከፍ ብሎ ዘነጠለው። ሐኪሞቹ የተበጠሱትን ጅማቶች ሰፉለት። «ይድናል፤ ግን አትቸኩል» ብለው ሸኙት።

አብራው የምትኖረው ታናሽ እህቱ ናት። እናታቸው ስታርፍ ገና ፊደል እየቆጠረች ነበር። ያሳደጋት እሱ ነው፤ ፀጉሯን ሳይቀር እየጎነጎነ ትምህርት ቤት የላካት እሱ ነው። አሁን ማተሚያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የመጻሕፍት ገጽ ታሰናዳለች። «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ደስ ሲለው «እህት ዓለም»፣ ሲከፋው «አንቺ ሴት» ይላታል።

ክንዱ ከፋሻ ሲወጣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጣቶቹን የሚያሠራበት የጎማ ኳስ ሰጠችው። ጥቂት ጨመቀና አልጋ ስር ወረወረው።

«እኔ ሎሚ ጨማቂ ነኝ?» አለ።

ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። «እሺ፣ ጌም ይጫወቱ። ጣት የሚያንቀሳቅስ ነገር ሁሉ ይጠቅማል። ኳሱንም ግን አይተዉ፣ ቀጠሮም አይቅሩ። ደግሞ እኔ ሳልፈቅድ ስለት የሚባል ነገር እንዳይነኩ!»

እህቱ የሥራ ባልደረባዋን አማከረች። እሱ እጅግ የሚወደውን ጌም ሰጣት፤ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ጫነችለት፣ መጫወቻ ጆይስቲክም ይዛለት መጣች። አንድ ብቸኛ ወታደር በፈረሰ ከተማ ውስጥ እየተዋጋ የሚያልፍበት፣ በየድሉም ጉልበት እየጨመረ፣ ሰይፉን እየሳለ የሚሄድበት ነው። ባልደረባዋ ያልነገራት ነገር ቢኖር ጌሙ ደህና ጣት ያላቸውን ጎረምሶች እንኳ የሚያስለቅስ መሆኑን ነው።

ከተማው መግቢያ ላይ ድልድይ አለ። ድልድዩ ላይ ብረት ለበስ ዘበኛ ቆሟል። እጀ ቀላሉ ያን ዘበኛ ማለፍ አቃተው። ወታደሩ ይወድቃል፣ ጨዋታው ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ይወድቃል። መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር። ቆይቶ ግን ከዘበኛው ጋር ያለውን ጠብ ትቶ ከገዛ ጣቱ ጋር ተጣላ።

«አየሻት ይቺን? ተጫኚ አልኳት፣ አልሰማችኝም! ከንጉሥ ቀጠሮ ያላት ይመስል ትጀነንብኛለች!»

አንድ ቀን ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ጣለው። «ሞታለች» አለ። «ለጨዋታ ያልሆነች እጅ ለሰው ጉንጭ ልትሆን ነው? ተዪኝ፣ እህት ዓለም፣ አልቆልኛል።»

ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ሆነ ሥራው። የሰውን ጢም ሲያሰማምር የኖረ ሰው ጢሙ አንገቱን ሸፈነው። የምታቀርብለትን ምግብ ነካ ነካ አድርጎ ይመልሰዋል። አንጀቷን በላው። ያሳደጋት ሰው ዓይኗ እያየ ሲሟሽሽ ምን ታድርግ?

ማተሚያ ቤት በምሳ ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ስታነብ አንድ ነገር አገኘች። ጌሙ ተጫዋቹ የደረሰበትን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ የወታደሩ ጉልበት፣ የጋሻው ጥንካሬ፣ የሰይፉ ስለት፣ ሁሉም እዚያ በቁጥር ተጽፏል። ፋይሉን የሚከፍት ፕሮግራም አለ። ቁጥሩን መለወጥ ነው፣ በቃ።

በማግስቱ ወንድሟ ገላውን ሲታጠብ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ጥንቁቅ ናትና የዋናውን ፋይል ቅጂ ለብቻው አስቀመጠች። ከዚያ ቁጥሮቹን ከፍ አደረገች፤ አበዛችው መሰለኝ ጌሙ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ አልከፍት አላት። ክው አለች። ከመታጠቢያ ቤቱ የውኃው ድምፅ ይሰማታል። ቅጂውን መልሳ እንደገና ሞከረች፤ ገጽ ስታሰናዳ ፊደልን ከፊደል በፀጉር ስፋት እንደምታጠጋጋው፣ እሱ እንዳያውቅ ትንሽ ብቻ። ሰይፉ ትንሽ ሰላ። ጋሻው ትንሽ ጠነከረ። ተከፈተ።

ለምና አግባብታ እንዲጫወት አደረገችው። ዘበኛው ወደቀ።

እጀ ቀላሉ ከሶፋው ተነስቶ ዘለለ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ብርጭቆ ተገለበጠ፣ ማንም አላየውም። «አየሻት! ያቺን የማትረባ ጣት አየሻት!» እያለ ሲያቅፋት እሷም ሳቀች፣ አጨበጨበችለት። «ተመልሳለች፣ ወንድም ጋሼ!» አለችው። በልቧ «ለዛሬ ብቻ ነው» ትል ነበር። ግን ከድልድዩ ማዶ ሌላ ጠላት አለ፣ ከዚያም ሌላ። እሱ ባሸነፈ ቁጥር ምግቡን ይበላል፣ ይቀልዳል፣ ጎረቤት ይጠይቃል። እሷ ደግሞ እሱ ገላውን በታጠበ ቁጥር ሰይፉን ትስላለች።

የባለሙያዋ ቀጠሮ ሲደርስ ሳይሄድ ቀረ። የሚቀጥለውንም እንዲሁ።

«ምን ልትለኝ? ኳስ ጭመቅ?»

«ሂድ እንጂ ወንድም ጋሼ፤ ጌም ጌም ነው፣ ሕክምና ሕክምና ነው።»

ዞር ብሎ አያት። «እንዴ! ስወድቅ እጄ ነው፣ ሳሸንፍ ጌም ነው?»

 እውነቱን ልትነግረው ፈልጋ ነበር፤ ግን የበላበትን ሳህን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

አንድ ማለዳ ከክፍሏ ስትወጣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ አገኘችው።

«ዛሬ ሱቅ እከፍታለሁ።»

«ባለሙያዋ ፈቀደችልህ?»

«እጄ ፈቀደችልኝ» አለና ጣቶቹን አየር ላይ አጫወታቸው።

አንድ ጫማዋን አድርጋ ሌላውን በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። መናገር ያኔ ነበር። ፊቱ ግን በርቶ ነበር። ከሥራ ስመለስ እነግረዋለሁ ብላ ጫማዋን አጠለቀችና ሄደች።

የዚያኑ ቀን ስልክ የደወለችላት ከሱቁ አጠገብ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። «ቶሎ ነይ» አለቻት፤ ከወንድሟ ጋር ክሊኒክ መሆናቸውን ነገረቻት እንጂ ሌላ አልጨመረችም። እህቱ ስትደርስ የወንድሟ የድሮ ደንበኛ፣ ጡረተኛው መምህር፣ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ተጋድመዋል። ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም። ግን እሳቸው ለልባቸው ሲሉ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ደሙ አልቆም ብሎ ነው ሁሉም የተደናገጠው።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት በደከመ ድምፅ። «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሲሞቀኝ ውኃ መስሎኝ... ልጁን አትቆጡብኝ።»

ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን ያያል። ጋዋኑ በደም ተነክሯል።

መምህሩ ደማቸው ቆሞ ልጃቸው መጥታ ስትወስዳቸው፣ ወንድምና እህት ሱቁን ሊያጸዱ ተመለሱ። ወለሉን እሷ ወለወለች። እሱ በደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አውራ ጣቴ ላይ ምንም አልተሰማኝም» አለ። «ምላጩ መዞሩን አላወቅኩም። ግን እኮ ጌሙ ላይ እነዚያን ሁሉ ጥያለሁ! እንዴት ነው እዚያ የምትታዘዝ እጅ እዚህ የከዳችኝ?»

መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«ሰይፉን እኔ ነኝ የሳልኩት።»

አልገባውም። ነገረችው። ስለ ፋይሉ፣ ስለ ቁጥሩ፣ እሱ ገላውን ሲታጠብ ስለምትሠራው ሁሉ። እስከ መጨረሻው ነገረችው።

ወንበሩን ወደ እሷ አዞረው። «የመጨረሻዎቹን ብቻ ነው?»

«ሁሉንም።»

«ያን የዘለልኩበትንም?»

«ወንድም ጋሼ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ... ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።»

«ገብቶኛል» አለ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። «ምላጩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እሱን አንቺ ላይ አልጭንም። ቀጠሮ የቀረሁትም እኔ ነኝ። ጭብጨባሽን ግን የት ላድርገው? ከእናታችን ወዲህ ያመንኩት አንቺን ብቻ ነበር።»

መወልወያውን አንስታ መወልወሏን ቀጠለች፤ የሚታይ ነገር ግን አልነበረም፣ ወለሉ ጸድቷል።

ባለሙያዋ ክንዱን እያገላበጠች አየች። በቀረባቸው ጊዜያት ጅማቱ ከጠባሳው ጋር ተጣብቋል። «በጊዜው ቢመጡ ኖሮ ይህን ያህል ባልደረሰ» አለች። ይሻሻላል፤ እንደ ድሮው ለመሆኑ ግን ቃል አልገባችም። እህቱ እዚያው አጠገባቸው ቆማ ሰማች። እሱ ሌላ የጎማ ኳስ ከባለሙያዋ ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀጠሮ አልቀረም። ሱቁም ተከፈተ፤ ምላጩን ተቀጥሮ የመጣ ሌላ ፀጉር አስተካካይ ያዘው፣ እጀ ቀላሉ ደግሞ በግራ እጁ በኤሌክትሪክ መቁረጫ ማስተካከልን እንደ ጀማሪ ይማር ጀመር። መምህሩ ቁስላቸው ሲሽር ተመልሰው መጡ። ጢማቸውን ሌላኛው ይላጫቸዋል፣ ወሬያቸው ግን ከእሱ ጋር ነው።

ቤት ውስጥ ጠብ የለም። አብረው ይበላሉ፣ «ደህና እደሪ»፣ «ደህና እደር» ይባባላሉ። «እህት ዓለም» ማለቱን ግን ተወ። «አንቺ ሴት»ም አይላትም።

አንድ ቀን ወደ ሥራ ስታልፍ ሱቁ ጎራ አለች። በግራ እጁ የልብስ ሰፊዋን ባል ፀጉር ጨርሶ ከአንገቱ ላይ ሲያራግፍ ደረሰች። ፀጉሩን ዞራ አየችው። እውነትም አምሮ ነበር፤ ጆሮው ዙሪያ ያለው መስመር ቀጥ ብሏል።

«በጣም ቆንጆ ነው፣ ወንድም ጋሼ» አለች።

«አመሰግናለሁ» አለ፤ ወዲያው ግን ወደ ተቀጣሪው ባልደረባው ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ? እውነቱን ንገረኝ።»

ባልደረባው መቀሱን አስቀምጦ ጎንበስ አለና የሰውየውን አንገት በጥሞና ይመረምር ጀመር። እህቱ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ፍርዱን ሳትሰማ ወጣች።