ዝናቡ መጣ ወይ?

መርሳ መግቢያ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ደሞዜ የፈራው ለራሱ አልነበረም፤ አጠገቡ ለተቀመጠችው ለዊንታ ነበር። ዊንታ ዘረሰናይ ወልዲያ ተወልዳ ወልዲያ ያደገች የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት። አባቷ ከመቀሌ መጥቶ ሠላሳ ዓመት ወልዲያ ላይ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ደሞዜ መምህሯና የመመረቂያ ጽሑፏ አማካሪ ነው። ሐምሌ 2013 ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ከቆቦ በኩል ከባድ መሣሪያ መሰማት ከጀመረ ወዲህ ወልዲያ ሻንጣውን ይዞ ወደ ደሴ እየሸሸ ነው። አባቷ ደሞዜን ጠርቶ፣ አንተ የሀብሩ ወረዳ ልጅ ነህ፣ በመርሳ መንገድ የሚያውቅህ አይጠፋም ብሎ ልጁን አደራ ሰጥቶታል።

ሲሪንቃን በሰላም አልፈዋል። መርሳ ላይ ኬላውን የያዙት ወጣቶች ግን ሁሉንም አስወርደው መፈተሽ ጀመሩ። አለቃቸው አለሙ ክፉ ሰው አይመስልም። ሦስት ቀን አልተኛም፣ ዐይኑ ቀልቷል፣ ወንድሙ ግንባር ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። የዊንታን መታወቂያ ሁለት ጊዜ አነበበና ቦርሳዋን ክፈቺ አላት። ከልብሷ ሥር ደብተር አወጣ።

ደሞዜ ደብተሩን አወቀው። ዊንታ የምታጠናው አንድ የዘመኑ የአሜሪካ ልቦለድ ነው፤ ሥራዋም በልቦለዱ ሰዎች ውስጥ የጥንቱን ተረትና የመጽሐፍ ቅዱስን ሰዎች መፈለግ ነው። ማን በማን አምሳል እንደተቀረጸ እንዳይምታታባት የሰዎቹን ስም ትታ በምሳሌያቸው ትጠራቸዋለች። ስለዚህ ደብተሩ ላይ "ሙሴ ወንዙን ያሻግራቸዋል"፣ "ይሁዳ ቤቱን ይጠቁማል"፣ "ቃየን ከኮረብታው ሆኖ ይጠብቃል" የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ወንዝ፣ ድልድይ፣ ኮረብታና ብዙ ቀስት ተስሏል። እንዲህ አድርገሽ ያዢው ብሎ የመከራት ራሱ ደሞዜ ነበር።

"ይሁዳ የሚባለው ማነው?" አለ አለሙ። "እውነተኛ ስሙን ንገሪኝ።"

"የመጽሐፍ ሰው ነው።"

"ሙሴስ የት ነው ያለው?"

"ሙሴማ ከሞተ ቆየ፤ ኦሪት አላነበብህም?" አሉ ከተሳፋሪዎቹ መሃል እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት። ሁለት ሰው ሳቀ። አለሙ ዞር ብሎ ሲያያቸው ሳቁ ጠፋ።

ደሞዜ ሊያስረዳ ገባ። ባስረዳ ቁጥር ነገሩ ባሰ። አንደኛው ወጣት ድልድዩን የመርሳ ድልድይ ነው አለ፤ ሌላው ኮረብታውን አወቀው።

"እና ይሄ ምሳሌ የምትለው ስም፣ ሰውዬው የተደበቀበት ስም ነዋ?" አለ አለሙ።

ግማሹ ልክ ነበር። አለሙ ዊንታን ከመንገዱ ዳር ካለው መጋዘን ጀርባ ውሰዷት አለ። ከመጋዘኑ ጥግ አንድ እግር የሴት ጫማ ወድቆ ነበር፤ ማንም አላነሳውም። ዊንታም አየችው። አልጮኸችም፤ የደሞዜን እጅጌ ብቻ ያዘች።

ያን ጊዜ ደሞዜ፣ ነገሩ ለአበጋሩ ይነገርልን አለ። ሀብሩ ውስጥ ይህ ከተባለ ሽፍታም እምቢ አይልም። ደም ያደረቁ፣ ባላንጣ ያስታረቁ የአገር ሽማግሌ፣ አበጋር አብዱልሐሊም፣ ከመንገዱ ማዶ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። ወጣቶቹ ሁለቱን ይዘው ሄደው ጠመንጃቸውን መሬት አስቀመጡ። አበጋር ፊት የዋሸ ቤቱ አይጸናም ይባላል። ደሞዜ በትውልድ ቦታው በግራና ይህን እየሰማ ነው ያደገው፤ የጎረቤታቸው ልጅ ዐይኑ የጠፋው አባቱ አበጋር ፊት በሐሰት ስለማለ ነው ሲባል ሰምቷል። ከተማረ ወዲህ አላምንበትም ይላል። አሁን ግን ከመቅረቡ በፊት ጫማውን አወለቀ።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉት አበጋሩ።

"የአማከለች፤ ግራና ያለችው።"

"አውቃታለሁ። አላህ ያኑራት። በል ደብተሩን ተወውና ታሪኩን ንገረኝ። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።"

ደሞዜ ነገራቸው። ድርቅ የመታው ከተማ አለ። አንድ እንግዳ ይመጣል። ሰዉ፣ ድርቁ የመጣው ከእሱ ጋር ነው ይላል። ካስጠጉት ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሊያሸሸው ይሞክራል፣ አንዱ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ኮረብታው ላይ ይገድሉታል።

"ቃቢልና ሀቢል" አሉ አበጋሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ቃየንና አቤልን በእስልምናው አጠራር ጠርተው። "ከገደሉት በኋላስ? ዝናቡ መጣ ወይ?"

መጽሐፉ ውስጥ ሰውየው በሞተ ማግስት ሦስት ቀን ዘንቧል። የዊንታ አራተኛ ምዕራፍ በሙሉ ስለዚያ ዝናብ ነው። በዚህ ክረምትም ሀብሩ ላይ ዝናቡ ዘግይቶ ማሽላው ጠውልጓል። አለሙና ጓደኞቹ ቀረብ ብለው መልሱን እየጠበቁ ነው። ደሞዜ ለተማሪዎቹ ሁልጊዜ የሚላቸው አንድ ነገር ነበር፤ መጽሐፉ ያላለውን አታስብሉት። እናቱ ትዝ አለችው፤ ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ ብቻዋን፣ ቤቷ ውስጥ።

"አልመጣም" አለ። "ድርቁ ባሰ እንጂ አልዘነበም።"

አበጋሩ ትኩር ብለው አዩት። እሱ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ወደ አለሙ ዞረው ለልጅቱ ደብተሯን ስጣት አሉት። አለሙ ሥዕሉ ያለበትን ገጽ ቀዶ ኪሱ ከተተና የቀረውን ሰጣት።

ሚኒባሱ መርሳን ለቆ ራቀ። ዊንታ በመስኮቱ እያየች፣

"ዘንቦ ነበር እኮ፣ መምህር" አለችው በቀስታ።

"አውቃለሁ።"

"አበጋር ፊት።"

"አውቃለሁ አልኩሽ።"

ስልኩን አወጣ። ግራና ሊደውል አስቦ ነበር፤ ኔትወርክ የለም። ውጫሌ ሲቃረቡ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከፊት መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ዱላና ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ቆመዋል።

"እዚህ እኔ ልናገር" አለች ዊንታ። "ለእርስዎ ቤት አንዱ ውሸት ይበቃዋል።"

"አይሆንም። አንቺ ዝም በይ" አላት። ምን እንደሚላቸው ያውቀዋል። ከተጠየቀ፣ እዚህም ዝናቡ አልመጣም ይላል።