ስም ያልተጠራበት በግ

አንድ አምላክ ብቻ አለ ብለው የሚምሉ ሰዎች ኢየሱስን ማምለክ ሲጀምሩ፣ ሁለተኛ አምላክ የጨመሩ አልመሰላቸውም?

ጥያቄው የእኔ አይደለም። ጀርመን አገር ጥናቴን የሚከታተሉልኝ ፕሮፌሰር ናቸው የጠየቁኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ክርስቲያኖች እምነት ሲመረምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። የመጨረሻውን ምዕራፌን አንብበው «ሊቃውንቱ ያሉትን ሁሉ ጽፈሃል። አንተስ ምን ትላለህ? ይህን ሳትመልስ ምዕራፉን አልቀበልም» አሉኝ። እሳቸው ካልተቀበሉት ድካሜ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። እኔ ደግሞ እንኳን ስለ እነዚያ ሰዎች፣ ስለ ራሴም እምነት እርግጠኛ አልነበርኩም። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ሻንጣዬን ይዤ የትውልድ ከተማዬ ቆቦ ገባሁ። እህቴ ሳምራዊት ሴት ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ስትዘጋጅ ደረስኩ።

የሰፈራችን ድግስ ሁለት በግ ይፈልጋል። ክርስቲያኑ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የተባረከውን፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ የተባለበትን ይበላል። ድስቱም ገበታውም ለየብቻ ነው። ለሁለቱም የሚሆነው ምስር ወጥ ነው፤ እሱን ደግሞ ሥጋ እያለ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

የክርስትናው ዕለት የእኛን በግ የሚባርከው አጎቴ ሐድጉ ነበር። ዋጃ ላይ የተሳፈረበት ሚኒባስ ግን «ሰው ይሙላ» ብሎ ቆሞ ቀረ። ፀሐይዋ ከዞብል ተራራ በላይ ወጥታ ግቢውን ማንደድ ስትጀምር አክስቴ ለተ ሚካኤል ቢላዋውን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«በል ፍፁም፣ ባርክልን።»

«እኔ? ኧረ አክስቴ...»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ስለ ሃይማኖት አይደል ስትማር የኖርከው? አንተ ያልባረክህ ማን ይባርክ!»

አብሮ አደጌ ኡበይድ፣ ጎረቤታችን ባጃጅ ነጂው፣ ለሙስሊሞቹ እንግዶች የሚያርደውን የራሱን በግ አጥሩ ሥር አስሮ ሊያግዘኝ መጣ። የበጉን እግር እየያዘ «አብሽር ዶክተር፣ አንገቱ በዚህ በኩል ነው» አለኝ።

ወደ ምሥራቅ አዞርነው። ቢላዋውን ሳስጠጋ የፕሮፌሰሩ ጥያቄ መጣብኝ። የመጀመሪያዎቹ አማኞች ማዕድ ሲቀርብ የማንን ስም ጠሩ? ሲጠሩስ ምን አስበው ነበር? እኔ ይህን ሳወጣ ሳወርድ እጄ ሥራውን ጨረሰ።

ኡበይድ ቀና ብሎ አየኝ። «ምን አልክ?»

«መቼ?»

«ስታርደው ነዋ!»

ለተ ሚካኤል ጠጋ ብላ «በሆድህ ብለኸዋል አይደል?» አለች፤ በዓይኗ እየለመነችኝ። አንድ «አዎ» ድግሱን ያድነው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«በሆዴም አላልኩም። እያሰብኩ ነበር።»

«እያሰብኩ! ያሰብከውን ማን ጠየቀህ? ያልከውን እኮ ነው የምንበላው!»

«ወላሂ ጉድ ነው» አለ ኡበይድ። «የእናንተም አይደለም፣ የእኛም አይደለም። ታዲያ ይሄ በግ የማን ነው?»

«የዩኒቨርሲቲው!» አለች ሳምራዊት ሕፃኗን እንደታቀፈች፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብቻ ቢላዋውን ይዤ ቀረሁ። በጉ ለጅብ ተፈረደ፤ ጅብ ሃይማኖት አይጠይቅም።

እንግዶቹ መግባት ጀመሩ። ኡበይድ ከሚስቱ ከዚነት ጋር ተንሾካሾከና የራሱን በግ እየጎተተ መጣ። «እትዬ ለተ፣ ጋሽ ሐድጉ ሲመጣ ይሄን በእናንተ ስም ይባርከው። እኛ ምስሩ ይበቃናል።»

«እንግዳዬን ምስር አብልቼ እኔ ሥጋ ልቆርጥ? ሞቼ ነው?»

«ይሁን በሉ እንጂ!» አለች ዚነት።

«አይሆንም አልኩ! እንዲያውም ምስሩን ለእኛ ተዉልን፤ እናንተ በጋችሁን እረዱ።»

«እናንተ እያያችሁን ሥጋ ይወርድልናል?»

እንዲህ ሲገባበዙ በጉ ሳር ይግጣል። በመጨረሻ ማንም ሊያርደው ስላልቻለ ኡበይድ ለሕፃኗ ሰጣት። ዚነት ለሥጋው ያመጣችውን ድስት ምስር ሞላችበት፤ ሁለቱ ገበታ ተገጠመና ሁሉም ባንድ ላይ ተቀመጠ። አንዱ በስመ አብ ይላል፣ ሌላው ቢስሚላህ ይላል፤ ከዚያ እጅ ሁሉ ወደ አንድ ወጥ ይገባል። ሐድጉ የተሳለ ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ በላብ ተጠምቆ ሲደርስ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ምነው፣ ጾም ገባ እንዴ?»

ለተ ሚካኤል ከሳቋ የተነሳ መመለስ አቅቷት በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

ከሰዓት በኋላ በኡበይድ ባጃጅ ጥላ ሥር ተቀምጬ ለፕሮፌሰሩ ጻፍኩ።

«ሁለተኛ አምላክ የጨመሩ አልመሰላቸውም። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ ሊቃውንቱ አይደሉም። መጀመሪያ ቁጭ ብለው አልቆጠሩም። ለአንዱ አምላካቸው ሲጸልዩ፣ ሲጠመቁ፣ ማዕድ ሲቆርሱ የኢየሱስን ስም ጠሩ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚበላም በዚያ ታወቀ። ማብራሪያው ኋላ መጣ። እኔ ዛሬ ማብራሪያውን ስፈልግ ስሙን ረሳሁና አንድ በግ ለጅብ ዳረግሁ፤ በሰፈሬ የሚበላው አልተገኘም። የማምን መሆኔን አሁንም አላውቅም፤ እኔም ግን አልበላሁትም። እርስዎስ ቢሆኑ ይበሉት ነበር?»

ላክሁት። እንዳነበቡት ስልኬ ያሳያል። የሕፃኗ በግ ቀንድ አበቀለ፤ ከእሳቸው ግን እስከ ዛሬ መልስ የለም።