የእህቴ ሸሚዝ

የመጨረሻው ፈተና እንዳለቀ የመቱ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ማርከር ማርከር ሸተተ። ሁሉም የሁሉንም ዩኒፎርም እየጎተተ ስምና ስልክ ይጽፋል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስልክ ይዞ መግባት ስለሚከለከል ቁጥር የሚቀመጠው ሸሚዝ ላይ ነው።

የኔ ሸሚዝ ንጹሕ ነው። መስከረም ላይ ታናሽ እህቴ ትለብሰዋለች፤ እማዬ "ጠብታ ቀለም እንዳላይበት" ብላ አስምላኛለች።

ሌንጮ ማርከሩን ከፍቶ መጣ። ከዳሪሙ ወረዳ ለፈተና የመጣ ልጅ ነው። አራት ቀን ሙሉ የካፌው ሰልፍ ላይ በሒሳብ ጥያቄ ስንጨቃጨቅ ሰነበትን፤ ከሱ ጋር ስሆን ሰልፉ ቶሎ ያልቅብኛል።

"ሳያት፣ የት ልጻፍልሽ?"

"አይጻፍበትም።"

ስለ እህቴ መናገር አፈርኩ። ማርከሩን ከደነ።

"እሺ፣ የመቱዋ እመቤት" ብሎ ወደ አውቶቡሳቸው ሄደ።

ቢሊሴ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ሸሚዟ ሞልቶ አንገቷ ላይ ሁሉ ተጽፎባታል።

"ምነው፣ ሸሚዙ ታቦት ነው እንዴ?"

"የእህቴ ነው አልኩሽ።"

"ልጁስ የማን ነው?"

የዳሪሙ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሳ። ከሄደ በቃ፤ የአባቱን ስም እንኳ አላውቅም። እግሬ ግን አልነቃነቅ አለ። ድንገት ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ቀዝቃዛ ነገር ወረደ። ዞር ስል ቢሊሴ ማርከር ይዛለች።

"ምን አደረግሽ?"

"አበላሸሁት። ለእናትሽ ለእትዬ የምስራች እኔው እነግራቸዋለሁ። ሩጪ!"

ልሰድባት አፌን ከፍቼ ነበር። ሮጥኩ።

አውቶቡሱ የግቢው በር ጋ ለፍተሻ ቆሟል። ሌንጮ ያለበትን መስኮት ደበደብኩ።

"ጻፍ!"

"አይጻፍበትም አላልሽም?"

"ጻፍ ነው የምልህ!"

"በአማርኛ ነው በኦሮምኛ?"

"በፈለግከው! ፍጠን!"

ጀርባዬን ሰጠሁት። በመስኮቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ጻፈ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ወደ ጎን እየተራመድኩ አስጨረስኩት።

ቢሊሴ እያለከለከች ደረሰች።

"አንብቢልኝ! ቁጥሩ ሙሉ ነው?"

"ሙሉ ነው።" ሳቋ አመለጣት። "ከሥሩ 'የአባቴ ስልክ' ይላል።"

"እሳቸው ሲያነሱት ምን እላለሁ?"

"የሒሳብ ጥያቄ አለኝ በያቸዋ።"

እማዬ ሸሚዙን እንዳየች በረኪና ውስጥ እንደምትነክረው አውቃለሁ። ቤት እስክንደርስ ቁጥሩን በቃሌ እንድይዝ ቢሊሴን ከኋላዬ አስከተልኳት።

"ከመጀመሪያው ድገሚልኝ።"

"ዜሮ ዘጠኝ... ቀጥ ብለሽ ሂጂ እንጂ፣ ላነብበት!"